ሣሩ ሳይደርቅ

ዘሚካኤል ቅዳሜ ሊበር ነው። ከጀርመን ከተመለሰ ጀምሮ፣ በሲቀላ ሰፈር ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን የድሮ የዓሣ መጋዘን ተከራይቶ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሲገጣጥም ኖሯል። በገዛ እጁ ማለት እንኳን ልክ አይደለም፤ ግማሹ እጅ የካሱ ነው። ካሱ የኦቾሎ መንደር ልጅ፣ የተዋጣለት በያጅ፣ አብሮ አደጉም ነው። ከተማው ሁሉ ዘሚካኤልን «ያበደው የመምህሩ ልጅ» እያለ ሲስቅበት ያልሳቀ ካሱ ብቻ ነበር።

የቀረው ከአብራሪው ራስ በላይ የሚደፋው፣ እንደ መስታወት የጠራው የፕላስቲክ ክዳን ነበር። ይህ ክዳን ደግሞ ችኩል አይወድም። ፀሐይ ሳያሞቀው ከተበሳ ይሰነጠቃል፤ ቀዳዳው ከብሎኑ ካልሰፋ ይሰነጠቃል፤ ብሎኑ ትንሽ ከጠበቀም ይሰነጠቃል። ዘሚካኤል ይህን ሁሉ ካሱን በቁራጭ ላይ እያሳየ አስተምሮታል። ስንጥቅ ሲጀምር ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ ማስቆምንም አሳይቶታል። «ይህ ግን ለሚበር ነገር አይሆንም» ብሎታል።

ለበረራ ፈቃዱ አዲስ አበባ ሲሄድም «እኔ ሳልመጣ እንዳትነካው» ብሎ ነበር።

ሲመለስ ክዳኑ ተገጥሞ አገኘው። ካሱ ለምለም ሣር በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

«ቃልህን አፍርሻለሁ፤ ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር በለኝ።»

በጋሞ ምድር ሣር ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው። ዘሚካኤል ክዳኑን ቀና ብሎ አየው፤ ያምራል። ሳቀና ሣሩን ተቀብሎ በበሩ እጀታ ላይ ሰካው። «ተነሣ አንተ! ይቅር ብያለሁ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አውሮፕላኗን ወደ ደጅ ገፍቶ አወጣና ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ፤ ክዳኑንም ዘጋው። ጉልበቱ ላይ አንዲት የብርሃን ክር አረፈች። ፀጉር መስላው ጠረጋት። አልሄደችም። ቀና አለ።

በግራ በኩል የክዳኑን ጠርዝ የሚሸፍነው ጎማ ከቀኙ ሰፋ ያለ ነው። ወርዶ ላጠው። ከሥሩ ከብሎኑ የተነሣ ስንጥቅ ነበር፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ትንሽ፣ ክብ፣ ንጹሕ ቀዳዳ፣ በማጣበቂያ የተደፈነ። ልክ እንዳስተማረው። ፀሐይዋ ስትከርር ስንጥቁ ቀዳዳውን አልፎ ከጎማው ውጭ ወጥቷል።

«ፈረንጁ! ባዶ ሆድህን ነው ወደ ሰማይ የምትሄደው?» ካሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ይዞ ከባጃጅ ወረደ። የተላጠውን ጎማ ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው የገጠምከው?» አለ ዘሚካኤል።

«አማቶቼ ከኦቾሎ ወርደው ነበር፣ በጠዋት። ‹የካሱ አውሮፕላን ይቺ አጥንት ናት እንዴ?› ብለው ሲስቁብኝ ጊዜ... ክዳኗን ልድፋላት አልኩ። የመጨረሻዋን ብሎን ትንሽ ጠበቅ...»

«በጠዋት። ፕላስቲኩ ሳይሞቅ።»

«ይቅርታ ጠይቄህ የለ እንዴ? ሣር ይዤ!»

«ሣሩን የያዝከው ሳታስፈቅደኝ ስለገጠምክ መስሎኝ ነው።»

«ላጠፋሁት ሁሉ ነው ያልኩት። ሣር የተቀበለ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። እዚሁ ነው ያደግኸው፤ ታውቃለህ።»

ያውቃል። ያንገበገበውም ይኸው ነው። አገሩ ከገባ ጀምሮ ሁሉን ሲጠራጠር ኖሯል፤ ሞተሩን፣ የፈቃድ ቢሮውን፣ መመለሱን ራሱን። ሳይመረምር የተቀበለው ያንን ሣር ብቻ ነበር።

«ቅዳሜስ? ልነሣ ስል ትነግረኝ ነበር?»

ካሱ ዓሣውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ቀዳዳው ያቆመዋል ብዬ... አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

ዘሚካኤል ካቻቢቴውን አንሥቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ክዳኑ ለአንድ ሰው አይወርድም፤ ካሱ ዓሣውን ክንፉ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይጠራ መጥቶ በወዲያኛው በኩል ያዘ። እንደ ቀድሞው እኩል አነሡት፣ እኩል ዝቅ አደረጉት፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አሳረፉት። አልተያዩም።

«ይቅርታው ያንተ ነው፤ አልነጥቅህም» አለ ዘሚካኤል። «የመጋዘኑን ቁልፍ ግን አስቀምጥ።»

ካሱ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ክንፉ ላይ፣ ከዓሣው አጠገብ አኖረው። ሲሄድ እንደ ልማዱ የመጋዘኑን በር ሊዘጋ እጁን ዘረጋና መለሰው። ሣሩ ገና እጀታው ላይ ነበር።