ውሃ የገባበት ናፍጣ

ሥራ አስኪያጁ ስለ ናፍጣ የሚያውቁት ሁለት ነገር ነበር፤ እንደሚቃጠልና እንደሚሰረቅ። ሆነ ተብሎ ውሃ ሊጨመርበት እንደሚችል ከኬሚስቷ አፍ የሰሙ ዕለት፣ ወተት በውሃ ስታበዛ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘች ነጋዴ አዩዋት።

«ሌላው ሰው ይሄን ሲያደርግ ይታሰራል፤ አንቺ ደሞዝ ሊከፈልሽ ነው» አሏት።

«ሌላው ተደብቆ ነው ጌታዬ። እኔ አስፈቅጄ ነው።»

ቀልድ መሆኑ ሲገባቸው ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አልፎ ነበር።

የኬሚስቷ ቤተ ሙከራ ከአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ በላይ ያለ ክፍል ነው። ቀድሞ የጎማ መጋዘን ስለነበር ዛሬም በሙቀት ቀን ጎማ ጎማ ይላል። ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹ አውቶቡሶቹን ጣሪያው ሥር አቁመው ሞተር ያሞቃሉ፤ ጥቁሩ ጭስ ሲወጣ እሷ መስኮቷን ትዘጋለች። ታች ያሉት መካኒኮች የሚዘጉት መስኮት የላቸውም። ሳንባቸው ግን አለ፤ ድርጅቱም በእሱ ሲጠቀም ኖሯል።

ባሏ የዚህ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበር። አሁን የለም። በሳል ነበር የጀመረው። ከዚህ ያለፈ ለማንም አላወራችም፤ «እንዴት ነሽ?» ለሚላት «ደህና» ትላለች፣ «እንዴት ቻልሽው?» ለሚላትም «ደህና» ትላለች። አሁን ደግሞ በባሏ ቦታ፣ አውቶቡሶቹ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ይሠራል። ዋርሳዋም መሳል ጀምሯል።

«ምንድን ነው ይሄ ሳልህ?»

«ጉንፋን ነው እትዬ።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ታማኝ ጉንፋን ነው።»

ናፍጣና ውሃን ለማዋሃድ የተነሳችው ለዚህ ሳል ነው፤ መጀመሪያ ለባሏ፣ አሁን ለዋርሳዋ። በናፍጣው ውስጥ ደቅቆ የተበተነ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ሲደርስ በሙቀቱ ድንገት ይተንና ናፍጣውን አብሮት ያደቅቀዋል፤ ያም በደንብ ይቃጠላል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ችግሩ ሁለቱ አይዋደዱም፤ ብትመታቸውም ብትለምናቸውም ትንሽ ቆይተው ይለያያሉ። ስለዚህ መሃላቸው አስታራቂ ይገባል፤ በአንድ እጁ ውሃውን፣ በሌላው ናፍጣውን የሚይዝ ቅመም።

ለቦርዱ ስታስረዳ፣ ነገሩን ለማቅለል ብላ «ሳሙና ዓይነት ነገር ነው» አለች። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብትውጣት ኖሮ ብዙ መከራ ይቀርላት ነበር። አስታራቂ ሁሉ ገለልተኛ እንዳልሆነ፣ ወደ ናፍጣው የሚያደላው ብቻ ውሃውን አቅፎ እንደሚያኖር፣ ወደ ውሃው የሚያደላው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ግን የተስማማውን ሁሉ እንደሚያፈርስ ቀጥላ አብራርታለች። በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ያወሩ ነበር። ከስብሰባው የወጣው እውቀት አንድ ብቻ ሆነ። ከማግሥቱ ጀምሮ ጋራዡ በሙሉ «ወይዘሮ ሳሙና» ይላት ጀመር።

መስኮቷ ላይ ወተት የመሰለ ናፍጣ የሞላባቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከሁሉ በቆየው ላይ «አትነቅንቁኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጽሕፈቱ የባሏ ነው። ጠርሙሱ እስካሁን አልተለያየም።

ናፍጣውን የሚመረምሩት ጎብኚዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ናፍጣውን ካጸደቁት የጋራዡ አውቶቡሶች ሁሉ በእሱ ይሄዳሉ፤ ካልጸደቀ ክፍሉ ወደ ጎማ መጋዘንነቱ ይመለሳል፣ ጭሱም እንደ ጭስነቱ ይቀጥላል። ለሙከራ የተመረጠው አውቶቡስ ሙሽራ መስሎ ግቢው መሃል ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ። ስለ ራዕይ ተናገሩ፣ ስለ ራሳቸው ራዕይ ተናገሩ፣ በመጨረሻም እንዲህ አሉ፦

«ይህ አውቶቡስ ከላይ እስከ ታች፣ የነዳጅ መያዣው ሳይቀር፣ በእኔ ቀጥተኛ ትእዛዝ በሳሙና ታጥቧል።»

ተጨበጨበ። ኬሚስቷ ክው አለች። አውቶቡሱን ያዘጋጀውን ዋርሳዋን ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«በምን አጠብከው?»

«በዕቃ ማጠቢያው። ሎሚ ሎሚ በሚለው።»

«አለቅልቀኸዋል?»

«እንዴታ።» ፈገግ አለ። «መጨረሻ ላይ ግን ግማሽ ጀሪካን ጨመርኩበት። ሳሙናሽ እንዳያንስ ብዬ።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ደስ እንዲልሽ ነዋ።»

ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይቁም፤ ነዳጁን ልየው» አለች።

«እንግዳ ተቀምጦ አይቆምም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ «ይልቅ ግቢ።»

አውቶቡሱ ከበሩ ወጥቶ ዳገቱን ተያያዘው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ልክ እንደ ዋርሳዋ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው «ውሃ ነዋ፤ ብያለሁ» አሏት፤ መቼ እንዳሉ ግን አልጠቀሱም።

ሁሉም ወረደ። የጎብኚዎቹ መሪ፣ ጠና ያሉ ሴት መሐንዲስ፣ «ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ኬሚስቷ። ከነዳጅ መያዣው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታ ብርጭቆ ሞላች። ከታች ውሃ፣ ከላይ የጠራ ናፍጣ፣ በመሃል እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ አረፋ። ሽታው ሎሚ ነው። ተከትሏቸው በእግሩ የመጣው ዋርሳዋ ብርጭቆውን ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ።

«ማነው ያጠበው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ይሄን ያደረገ ሰው ዛሬውኑ ይባረራል።»

ዋርሳዋ አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ፤ ምን መደበቅ ያስፈልጋል?» ወደ መሐንዲሷ ዞረች። «የዚህ ናፍጣ ትልቁ ጠላት ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ሥራ አስኪያጃችን ጉዳቱን በዓይናችሁ እንድታዩት ብለው በራሳቸው ትእዛዝ አሳጥበውታል። በንግግራቸውም ነግረዋችኋል።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ያጨበጨቡትን እጆች አዩ። ቀጥሎ የመጣው ቃል ከጉሮሯቸው ለመውጣት እንደ አውቶቡሱ ታገለ።

«በትክክል» አሉ። «ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው።»

«ሁለተኛውስ?» አሉ መሐንዲሷ።

«ሁለተኛውን... ባለሙያዋ ታሳያችኋለች።»

ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ጥግ ላይ «አሮጊቷ» የሚሏት አውቶቡስ ቆማለች፤ ለእንግዳ ዓይን አትመጥንም ተብላ ማንም ውሃ እንኳ አላስነካትም። የቆሻሻ ጥቅም እንዲህ ያለ ቀን ነው። ኬሚስቷ በውስጧ የነበረውን ናፍጣ አስወጥታ፣ የፊተኛው አውቶቡስ ከተሞላበት ከራሷ የናፍጣ በርሜል አስሞላቻት። አሮጊቷ እያጉረመረመች ተነሳች። ዋርሳዋ ነጭ ጨርቅ ጭስ ማውጫው ላይ ያዘ። በሌላ ቀን ጨርቁ ከሰል ሆኖ ይመለስ ነበር፤ አሁን ሞተሩ ሲጮህም ሲረጋም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ብቻ ሆነ።

«ጭሱ የት ሄደ?» አሉ መሐንዲሷ ጎንበስ ብለው።

«ዛሬ አልታዘዘም» አላቸው ዋርሳዋ።

ናፍጣው እያሳሳቃቸው ጸደቀ፤ መጀመሪያ የሚሞሉትም ጣሪያው ሥር የሚቆሙት አውቶቡሶች ሆኑ። ሥራ አስኪያጁ ጠርሙስ ይዘው ፎቶ ተነሱ። «በሁለት ክፍል የማሳየት ዘዴ» የሚል ሥልጠና ለሌሎች ድርጅቶች መስጠት እንደጀመሩም ይወራል።

ማምሻውን ዋርሳዋ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ጉድ ሠርቼሽ ነበር እኮ።»

«ሁለተኛ እንዳትረዳኝ።»

«እሺ። ከእንግዲህ አልረዳሽም።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችው።

«ጉንፋን ነው አልኩሽ።»

«ታማኝነቱን ሐኪሙ ይመስክርለት።»

ሄዱ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፣ «ከጭስ ራቅ» አለው። ዋርሳዋ «ጭሱ ነው የራቀኝ» ብሎ እየቀለደ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

በአዲሱ ናፍጣ ሞተር በተሞቀበት የመጀመሪያ ጠዋት ኬሚስቷ በልማድ እጇን ወደ መስኮቱ ሰደደች። አልዘጋችውም። ከታች የዋርሳዋ ድምፅ ይሰማል፤ «አስታራቂ ሁሉ ገለልተኛ መስሎሃል? ተሳስተሃል» እያለ ጓደኞቹን ያስተምራል። መሃል ላይ ሳል አቋረጠው።

ቆማ ቀጣዩን ሳል ጠበቀች። ዘገየ። ከጠርሙሶቹ አጠገብ ሆና አሁንም ስትጠብቅ፣ አውቶቡሶቹ ሞተራቸው ሞቆ አንድ በአንድ ወጡ።