ከተራው የወጣ ጽዋ

የመድኃኔ ዓለም ማኅበራችን በዚያ ወር የዋለው ጋፋት አጠገብ፣ አያ ወርቁ ቤት ነበር። ሙሴው እኔ ነኝ፤ ማኅበርተኛውን አስቀምጣለሁ፣ ጽዋውን ለተረኛ አስረክባለሁ። ከዚያ ሌላ ሥራዬ መስማት ነው።

አያ ወርቁን መስማት ደግሞ ያጠግባል። ጣሊያን መንገዱን ካወጣ ወዲህ መኪና ሲያልፍ እርፉን ለቆ ዳር ይቆማል፤ ተበላሽቶ የቆመ ካገኘማ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል። «የሞተር ዲያቆን» እንለዋለን፤ አይቀየምም።

ያን ቀን ግን ከጎኔ ሙላቴ ተቀምጧል። የጣሊያን ምሽግ ውስጥ ለሹሙ ያስተረጉማል። አባቱ ሲሞቱ ጽዋቸውን ወረሰ፤ ልጅ የአባቱን ጽዋ ሲወርስ የሚከለክል የለም። በቅርቡ እብናት ገበያ የጣሊያንን የወረቀት ገንዘብ፣ ሊሬውን፣ አልቀበልም ያለ የጤፍ ነጋዴ ታስሮ ተወስዶ ድምፁ ጠፍቷል። ማን እንደጠቆመበት ሁሉም በልቡ ይጠረጥራል፣ ባፉ አያወጣም።

አያ ወርቁ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ከመኪናው ጀመረ። ሰይጣን አይገፋውም፤ ብረት ውስጥ የታፈነ እሳት ነው መውጫ ሲያጣ ጎማውን የሚያዞረው አለ። ቄስ ይርጋ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ። መንገድ ከወታደር በፊት ለእህል ነው፤ አገር የሚገዛ ሰው ከምሽጉ አስቀድሞ ጎተራውን ያያል አለ። ሚስቱ አሰለፈች ጠላ ስትቀዳ በጉልበቷ ጎሸም አደረገችው። ምን ትገፊኛለሽ ቢላት ሰው ሳቀ። ሙላቴ አልሳቀም።

ቀጥሎ የፈራሁት መጣ።

«ጠገራው ቢያቀልጡትም ብር ነው። ሊሬ ግን የሰው ቃል ነው» አለ አያ ወርቁ። «ቃል የሰጠህ ሰው ወዳገሩ የገባ ቀን፣ ወረቀቱን ለማን ታሳየዋለህ?»

ሙላቴ ዋንጫውን አስቀምጦ፣ ገና የማሳረጊያው ጸሎት ሳይደርስ፣ ወደ ምሽግ መመለስ አለብኝ ብሎ ተነሣ። አሰለፈች ጠላውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

በልቤ መድኃኔ ዓለምን ጠራሁ። ጽዋውን ከነመሸፈኛው አንሥቼ በሩ ላይ ቀደምሁት።

«ልጄ፣ የሚመጣው ወር ካንተ ቤት ነው።»

«ተራው የአንቱ አይደል?»

«ነበር። ላንተ ለቅቄያለሁ።»

ጽዋ እምቢ ያለ ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው። የተቀበለ ደግሞ ማኅበርተኛውን ሁሉ፣ አንድ ሳይጎድል፣ በቤቱ ሊያስተናግድ ቃል ገባ። ቄስ ይርጋ ነገሩ ገብቷቸው መስቀላቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ሙላቴ ጽዋውን አየ፤ አያ ወርቁን አየ። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት በበሩ አሻግሮ መንገዱን ቃኘ። እሱም ይፈራል ለካ! እስከዚያች ሰዓት አላሰብሁትም።

«ሰምቶ ዝም አለ ብሎ ሌላ ሰው ቢነግርብኝስ?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«እኛም የምንፈራው ይህንኑ ነው።»

በሁለት እጁ ተቀበለ። «በእኔ ቤት ግን አያ ወርቁ ስለ መኪና ብቻ ይናገሩ» አለ።

«ስለ ሬድዮስ?» አለ አያ ወርቁ ከተቀመጠበት። የሳቀ ሰው የለም።

ወሩ እስኪደርስ፣ መኪና ጋፋት ላይ ዝግ ባለ ቁጥር ከንፈሬ ዳዊት ይጀምራል። አንድ ቀን ባያ ወርቁ ደጅ ሳልፍ አሰለፈች ለሙላቴ ድግስ ብቅል ታሰጣ ነበር። እጇ ብቅሉን ይበትናል፤ ዓይኗ ግን ከመንገዱ አይነቀልም።