ታችኛው መንገድ

«መንገዱ አለቀ እኮ!» አለች ሴትዮዋ በስልክ። «ታችኛውን ያዙ ብለሽን ታችኛውን ያዝን። ወረድን፣ ወረድን፣ አሁን ፊታችን ገደል ነው።»

ቀለሚቱ መጋዙን ከግንዱ ሳታላቅቅ ቀጥ ብላ ቆመች። የወደቀ ጥድ መንገዱን ዘግቶ እሱን እየቆረጠች ነበር። መጠሪያዋ ሌላ ነው፤ የእግረኞቹን መንገድ ምልክት በየዛፉና በየድንጋዩ የምትቀባው እሷ ስለሆነችና ቀዩ ቀለም ከጥፍሯ ስለማይለቅ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀለሚቱ ይላታል። ለምዳዋለች።

«ወረድን ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ወረድን! ታችኛው ብለሽ የለም እንዴ?»

መጋዙን ለቀቀችው።

ሴትዮዋ ቀደም ብላ ደውላላት ነበር። ከባሏ ጋር መገንጠያው ላይ መድረሳቸውን፣ ምልክት የሚባል ነገር እንዳጡ ነገረቻት። እውነቷን ነው፤ ቀስቱ የተቀባበትን ዛፍ ከትናንት በስቲያ ነፋስ ጥሎታል። ቀለሚቱ ይህን ግንድ እንደጨረሰች ሄዳ እዚያ ያለው ቋጥኝ ላይ ልትቀባው አስባ ነበር። እስከዚያው አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፦ «ታችኛውን ያዙ።» ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ፣ መጋዙን እንኳ ሳታቆም።

በሰፈሩ ሰው ዘንድ ታችኛው መንገድ ማለት ወደ ታች ሰፈር የሚወስደው ነው። መገንጠያው ላይ ግን መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ጋራውን ዞሮ ነው ወደዚያ ጥንታዊ የድንጋይ ሰፈር የሚወርደው። ላይኛው የሚሉት ደግሞ ሰው ጥሎት ወደሄደው ወደ ላይ ሰፈር የሚያመራው ሲሆን እሱ መጀመሪያ ቁልቁል ሸለቆ ይገባል፤ እዚያም ናዳ ቆርጦታል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው በእግሩ ስለሚያውቀው ነገሩ አንድም ቀን ግራ አጋብቶት አያውቅም። እንግዳ ሰው ግን ታችኛው ሲባል የሚያየው ወደ ታች ነው። ሌላ ምን ሊያይ ኖሯል?

«እማማ፣ ባለቤትዎ የት አሉ?»

«ናዳውን ልሻገር ብሎ ገባበት። ተይ፣ አውቶቡስ ስነዳ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ ይለኛል። አሁን ተንሸራቶ… ይታየኛል፣ የዛፍ ሥር ይዞ ተንጠልጥሏል። እግሬን እያለ ነው። ጉሙ ደግሞ እየመጣ ነው ልጄ።»

«እርስዎ እንዳይገቡ! ካሉበት ንቅንቅ እንዳይሉ፣ መጣሁ!»

«እኔ እኮ ታችኛው ያልሽኝ መስሎኝ…»

ስልኩ ተቋረጠ። ቀለሚቱ መልሳ ብትደውል ጠፍቷል።

የግንድ መጎተቻ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣለችና መሮጥ ጀመረች። እየሮጠች ለወንድሟ ደወለች። ወንድሟ ታች ሰፈር ውስጥ ከአባታቸው በተረፈው የድንጋይ ቤት መንገደኞችን ያሳድራል፤ ለባልና ሚስቱ አልጋ አንጥፎ እየጠበቀ ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዶችህ ናዳው ላይ ናቸው። ሰውየው ተንሸራቷል።»

«የትኛው ናዳ?»

«የላይኛው መንገድ።»

«እዚያ ምን ወሰዳቸው? ምን ብለሻቸው ነው?»

«ታችኛውን ያዙ።»

«ታዲያ ታችኛውን ነዋ መያዝ የነበረባቸው! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«ጋሼ፣ ታች ብላቸው ወረዱ።»

ወንድሟ ነገሩ ሲገባው ትንፋሹ ተሰማት።

«ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህን ለማንም እንዳትተነፍሺ። የመንገዱ ማኅበር ከአንቺ በፊት የነበረውን ሠራተኛ በምን እንዳባረረው ታውቂያለሽ። አንድ መንገደኛ አሳስተህ ጫካ አሳደርክ ብሎ ነው። ይኼኛው ደግሞ ጭራሽ ገደል ነው።»

«ሰውየው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይህን ታወራኛለህ? ቃሬዛውንና መብራቱን ይዘህ ና!»

ዘጋችበት። ተናደደችበት፤ ይበልጥ ያናደዳት ግን እሱ ያለው ነገር ቀድሞ በራሷ ሐሳብ ውስጥ ሽው ማለቱ ነበር። ይህ ሥራ ቢሄድባት ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ከተማ ወርዳ የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረችባቸውን ዓመታት ማስታወስ አትፈልግም። እዚህ ጫካ ውስጥ መጋዟንና ቀለሟን ይዛ ብቻዋን ስትውል ማንም አያዛትም፣ ማንም አይቆጣትም። ደግሞ ጥሩ ሠራተኛ ናት። እስከ ዛሬ ድረስ፣ እንግዲህ።

ከመገንጠያው ቁልቁል ስትወርድ ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ እየወጣ ተቀበላት። ሴትዮዋን ያገኘቻት መንገዱ ተቆርጦ ከቀረበት ጫፍ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨምድዳ ነው። ጎልማሳነትን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት።

«አላየውም» አለቻት። «አሁን አየው ነበር፣ ጉሙ ሸፈነው።»

«አባባ!» ብላ ጮኸች ቀለሚቱ።

«አለሁ» አለ ከጉሙ ውስጥ ወፍራም ድምፅ። «የት እሄዳለሁ!»

የገመዱን አንዱን ጫፍ ጠንካራ ዛፍ ላይ ሁለት ጊዜ አዙራ አሰረች። ሌላውን ጫፍ ድምፁ ወደመጣበት ወረወረች፤ ደጋግማ ከወረወረች በኋላ ሰውየው «ያዝኩት!» አለ። ወገቡ ላይ እንዲያስረው ነገረችው። ከሥሩ ጠጠር እየተንኳለለ ሲወርድ ይሰማል፤ የት እንደሚያርፍ ግን አይሰማም።

«አሁን በላይ በኩል ይምጡ! በላይ በኩል መርገጫ አለ!»

ገመዱ ተወጠረ። አፈሩ ተሸረሸረና አንድ ትልቅ ድንጋይ እየተጋጨ ወረደ። ሴትዮዋ ጮኸች። ቀለሚቱ ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው፤ ተዳፋቱን እየቧጠጠ ሽቅብ ወደ ላላው አፈር ሊወጣ ነበር። እሷ በላይ በኩል ያለችው ወደ ጎን፣ ከሸለቆው ሥር ያለው ወንዝ በሚመጣበት በኩል ማለቷ ነው። ያቺው ቃል እንደገና ሰው ልትገድልባት!

«ይቁሙ! ላይም ታችም ይተዉት! ዝም ብለው ወደ ድምፄ ይምጡ!»

«አንቺ ልጅ፣ ወስኚ እንጂ!» አለ ሰውየው።

«ወደ ድምፄ ብቻ! እያወራሁ ነው፣ ይምጡ!»

ምን እንደምታወራ ስላጣች የመጣላትን ለፈለፈች። አልጋው እንደተነጠፈ፣ የሚበላም እንዳለ፣ ወንድሟ ሲያንኮራፋ ድምፁ ግድግዳ እንደሚያልፍ፣ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ እንደሚነክሩ። ሴትዮዋም ገብቷት ገመዱን አብራት እየጎተተች «ና አንተ ግትር፣ ና!» ትላለች። ሰውየው በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ተሳድቦ፣ በመጨረሻ ፊቱ አፈር ለብሶ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሁለቱም ክንዱን ያዙትና ጎትተው ወደ ጠንካራው መሬት አወጡት።

ሴትዮዋ አለቀሰች። ቀለሚቱም እዚያው ቁጭ አለች።

ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስለት የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ግን ለሚስቱ ነበር።

«አንቺ ነሽ! አንድ ስልክ በቅጡ መስማት ያቅትሻል?»

«ይቅር በለኝ» አለች ሚስቱ ፊቱን በሻርፗ እየጠረገች። «ጆሮዬ ነው መቼም።»

«ጆሮሽን ታከሚ አልኩሽ! የመንገዱ ኃላፊ ሰውን ገደል ግቡ ትላለች? ነገ እኮ ልጆቹ ምን ሊሉ ነው፤ እናታችን አባታችንን ገደል ሰደደችው ሊሉ ነው!»

ቀለሚቱ እውነቱን ኋላ እነግራቸዋለሁ፣ መጀመሪያ ከዚህ እናውጣው ብላ ራሷን አሳመነች። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ድንች አብጧል፣ ቀኑም እየመሸ ነው። ሰውየውን አስነሡትና ግራ ክንዱን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጣሉት። ቀለሚቱ ቅርንጫፉን በእጇ እየገፋች፣ የሚረግጡበትን እያሳየች ከፊት ሄደች። መንገዱን በሙሉ ሰውየው ያማርራል፤ ሚስቱ ደግሞ ከክብደቱ ጎብጣ፣ እያቃሰተች፣ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ትላለች። ቀለሚቱ ያቺን «ልክ ነህ» በሰማች ቁጥር ቅርንጫፉን ይበልጥ በኃይል ትገፋለች። ዞራ አላየቻቸውም።

መገንጠያው ላይ የመብራት ብርሃን ጠበቃቸው። ወንድሟ ቃሬዛውን በጀርባው አዝሎ፣ አልቦት፣ ከጋራው ወርዶ ደርሷል።

«ተመስገን! ተመስገን! እንኳን ተረፉ!» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «አይዞዎት እማማ፤ በስልክ ያጋጥማል። እህቴ ሽቅብ የሚወጣውን ያዙ ነው ያለቻችሁ፣ ነፋሱ ነው ድምፁን የሚወስደው» አለ።

«ይኸው!» አለ ሰውየው። «ሰማሽ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «እንደዚያ ነው ያልሽኝ ልጄ? ሽቅብ ነው ያልሽኝ?»

ወንድሟ ቀለሚቱን አፍጥጦ አያት። ወሬው እዚህ ቢቋጭ ማንም የሚጠይቅ አይኖርም፤ ባልና ሚስቱ ቤታቸው ይገባሉ፣ እሷም ነገ ጠዋት መጋዟን ይዛ ትወጣለች። ሴትዮዋ ግን መልስ እየጠበቀች ነው። የተከሰሰ ሰው ዓይን አልነበረም ዓይኗ፤ ፍርዱን ተቀብሎ የጨረሰ ሰው ዓይን ነበር።

«አላልኩም» አለች ቀለሚቱ።

«አንቺ…» አለ ወንድሟ።

«ተወኝ ጋሼ። እማማ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። ታችኛውን ያዙ ነው ያልኩዎት፣ እርስዎም የሰሙት ያንኑ ነው። እኛ ታችኛው የምንለው ያንን ነው» ብላ ሽቅብ የሚወጣውን አሳየች። «ስሙን እንጂ መንገዱን አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰውየው በመብራቱ ሽቅቡን አየ፣ ቁልቁሉን አየ፣ እንደገና ሽቅቡን አየ። «ይህ ነው ታችኛው?» አለ። «ያበዳችሁ ናችሁ እንዴ እናንተ ሰዎች? እከሳለሁ! ለማኅበራችሁ ነው የምናገረው!»

«ይናገሩ» አለች። ፈርታለች፣ አልደበቀችውም።

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ቀለሚቱን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ባሏን አየችው። የባሏን ወፍራም ክንድ ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችና፣ እያየ፣ ቀለሚቱ ትከሻ ላይ ጫነችው።

«እንግዲያው ከዚህ በኋላ አንቺ ያዢው» አለቻት። «እኔ ደክሞኛል።»

ወገቧን ቀና አድርጋ፣ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ታችኛውን መንገድ ይዛ ሽቅብ መውጣት ጀመረች።