በታችኛው ቀኝ ማዕዘን

፩

ጥቁር።

ከላይ በስተግራ ጥቂት ነጭ የላቲን ፊደላት። ከሥራቸው ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ።

ሌላ ምንም።

፪

ታሪክ ከመጀመሪያው መጀመር እንዳለበት ለሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ይህን ግን በቁራጭ እጽፈዋለሁ፤ የደረሰብን በቁራጭ ነውና። አንባቢ ቁጥሮቹን ቢከተል አይጠፋም። አንዱን ቁጥር ብቻ ለጊዜው ባዶ እተወዋለሁ። የተውሁት ስለማፍርበት ነው።

፫ — ሰዎቹ

ባለቤቴ አስካለ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጣ በደብዳቤ ላይ የቀን ማኅተም ስትመታ ኖራለች፤ ለአገር ውስጡ የእኛን ቀን፣ ወደ ውጭ ለሚሄደው የፈረንጁን። ባለፈው ጥቅምት አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰና ንግግሯን ወሰደው። ማንበቧም አብሮ ሄደ።

ምንታምር። የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አድሳ፣ በጣት የሚነካ ስክሪን ገጥማ፣ ደሴ ድረስ ተሸክማ አመጣችልን። በስክሪኑ ላይ አርባ ሁለት ካሬዎች* ደርድራለች። አስካለ ብርጭቆ የተሣለበትን ስትነካ ማሽኑ በምንታምር ድምፅ «ውሃ» ይላል። የተነሣ መዳፍ ያለበትን ስትነካ «አይሆንም» ይላል።

እኔ። ሥዕል የተሠራው ማንበብ ለማይችሉ ነው ብዬ የማምን ነበርሁ። አሁንም አምናለሁ፤ ትርጉሙ ግን ተለውጦብኛል።

* ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቈጥሬያቸው አላውቅም።

፬ — እሑድ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት

ማሽኑ ከረቡዕ ጀምሮ ከኢንተርኔት የፕሮግራም ማሻሻያ ሲቀበል ሰንብቶ ነበር። እሑድ ጧት አጥፍቼ አበራሁት። ሥዕሎቹ አልመጡም፤ ፊደል ብቻ መጣ።

ዕድሜዬን ሙሉ ፊደልን ያከበርሁ ሰው፣ ከፊደል በቀር ምንም በሌለበት ስክሪን ፊት ተቀምጬ አንድ የተሣለ ብርጭቆ ናፈቅሁ።

አስካለ ጣቷን በጠቆረው መስተዋት ላይ፣ በታችኛው ቀኝ ማዕዘን አሳረፈች። ጠበቀች። አነሣችና እንደገና እዚያው ነካች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

በዚያ ማዕዘን የትኛው ሥዕል እንዳለ አላውቅም ነበር። ድምፁን እሰማ ነበር እንጂ ስክሪኑን አላይም።

ምን እያለችኝ ነው?

፭

 

፮ — ምን እያለችኝ ነው?

ውሃ? ራሷን ወዘወዘች።

ብርድ? ወዘወዘች።

መስኮቱ ይከፈት? ወዘወዘች።

አመመሽ?

እዚህ ላይ ዘገየች። ከዚያ ወዘወዘች።

ወረቀት አምጥቼ መሣል ጀመርሁ። አልጋ ሣልሁ። በሬ መሰለ። አስካለ ወረቀቱን አዙራ አየችው፣ መልሳ አዞረችው፣ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ድምፅ ያለው ሳቋን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቋ ሲያበቃ ግን ጣቷ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ።

፯ — ምንታምር በማሽኑ ጀርባ የለጠፈችው ቅጽ፣ በእኔ እጅ እንደ ተሞላ

ምን ይታያል? — ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል።
መብራት አለ? — አለ።
ኢንተርኔት አለ? — አለ።
ከብልሽቱ በፊት በማሽኑ ላይ ምን ተነካ? — ምንም።

፰ — በስልክ

ምንታምር ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ልጆቿን ቁርስ ታበላ ነበር። ማብላቱን ለባሏ ተወችለት። ታክሲ ይዤ ልምጣ አለች፤ መንገዱን ከመጀመሯ በፊት ግን በስልክ እንሞክር ተባባልን። እርሷ ፊደል በፊደል ታስጽፈኛለች፣ ማሽኑ የመለሰውን እኔ አነብላታለሁ።

እርሷ፦ ምን አለ?
እኔ፦ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም አለ።
እርሷ፦ ጋሼ፣ ቃላቱን አራርቀው ጽፈዋል?
እኔ፦ አላራራቅሁም።
እርሷ፦ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ቃል አጋጥሜ ስለጻፍሁ ሰሌዳ ሥር አቁመውኛል።
እኔ፦ አስታውሳለሁ።
እርሷ፦ እርስዎ ተቀምጠው ይጻፉ፤ ግድ የለም።

አራርቄ ጻፍሁ። ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚያወጣለት የፕሮግራም ክፍል እንደጐደለው ታወቀ። ከኢንተርኔት እንዲያመጣው አዘዝነው፤ እምቢ አለ። ደገምነው።

እርሷ፦ ምክንያቱን ያንብቡልኝ።
እኔ፦ የላኪው ማረጋገጫ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል።
እርሷ፦ አላለፈም? አልደረሰም ነው የሚለው?
እኔ፦ አልደረሰም።
እርሷ፦ እስቲ ዛሬ ስንት ነው ብለው ይጠይቁት።
እኔ፦ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥረኛው ወር።
እርሷ፦ ጋሼ፣ ቀኑን ማን ነካው?

፭ — ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ባዶ የተውሁት ቁጥር ይህ ነው።

በስክሪኑ ጥግ የተጻፈውን ቀን አየሁት። ዓመቱ ስምንት ዓመት በልጦ፣ ወሩም ሌላ ሆኖ ነበር። ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። በቤቴ ሰኔ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ነውና፣ ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም አንድ በአንድ አረምሁት።

አስካለ አጠገቤ ነበረች። እጇን ዘርግታ የተነሣውን መዳፍ ነካች።

አይሆንም።

ሾርባውን ጠላችው ብዬ ሳህኑን አነሣሁ።

አይሆንም።

ትራሷን አስተካከልሁ።

አይሆንም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሁለቱን ማኅተሞች ለይታ የመታች ሴት፣ ማሽኑ ከውጭ እንደሚጻጻፍና የትኛው ቀን እንደሚገባው ታውቅ ነበር። እኔም ሦስት ጊዜ የተነገረኝን በግልጽ ድምፅ ሰምቻለሁ።

፱

ይህን ሁሉ ለምንታምር ነገርኋት። በቅጹ ላይ «ምንም» የሚለውን ሰርዤ «ቀኑን እኔ ነካሁ» ብዬ ጻፍሁ።

አልቈጣችም። ከማሻሻያው ግማሹ ቀኑ ሳይነካ በፊት ገብቷል አለች፤ ሥዕል የሚያወጣው ክፍል ግን የዘንድሮ ማረጋገጫ ይዞ ሲመጣ፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰው ማሽን ከማያውቀው ዘመን የመጣ እንግዳ ነው ብሎ በሩን ዘጋበት። ቀጥላም፣ ለአስካለ ይህን አስረዱልኝ አለችኝ።

«አስረድታኝ ነበር» አልሁ።

፲ — ይህ ለሚደርስበት ሁሉ

ቀኑን ወደ ፈረንጁ መልስ።
ማሽኑ የጐደለውን እንዲያመጣ እዘዘው። ቃላቱን አራርቅ።
ጠብቅ።
የባለቤትህን እጅ ያዝ።
ጠብቅ።

፲፩ — እየጠበቅሁ የጻፍሁት

የልጆቿን ቁርስ ለባሏ ለተወች ተማሪዬ ምስጋና ይሁን።
ያን ጧት ላልሄደው መብራት።
ይህን ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም በማላውቀው አገር በነጻ ጽፎ ለሰው ሁሉ ለተወው፣ ስሙን ለማላውቀው ሰው።
በሬ ለመሰለው አልጋ።
ሦስት ጊዜ ለተነሣው መዳፍ።

፲፪

ማሽኑ ጠፍቶ በራ።

ብርጭቆ።

አልጋ፣ ከእኔው የተሻለ። ፀሐይ። መስኮት። የተነሣ መዳፍ።

በዚህ ጊዜ ቈጠርኋቸው። አርባ አንድ ሥዕሎች ናቸው። አርባ ሁለተኛው፣ በታችኛው ቀኝ ማዕዘን ያለው፣ ባዶ ካሬ ነው።

አስካለ ነካችው። ማሽኑ ምንም አላለም። እንደገና ነካችውና እኔን አየችኝ።

ምንታምር በስልኩ ውስጥ ሆና ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እንዲህ አለች፦ «የሁለታችሁ ብቻ የሆነ ነገር በእርስዎ ድምፅ ይግባበት ብዬ ነበር የተውሁት። ያመጣሁት ዕለት ነግሬዎታለሁ፤ ማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ጽፈውት ነበር። እትዬ አስካለ ሰምተውኛል ማለት ነው።»

ደብተሩን ገለጥሁ። በእኔ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ ተጽፏል።

ሰባት ወር ከእኔ አንድ ቃል ጠብቃለች። ምናልባት ከዚያም በፊት፣ ቃል ሳይጠፋባት ጀምሮ።

«ከካሬው አጠገብ ያለውን፣ ድምፅ የሚቀዳውን ቀዩን ክብ ይንኩና ይናገሩ» አለች ምንታምር። «እኔ ስልኩን ልዝጋ።»

ዘጋች።

አስካለ ጣቴን ይዛ ወደ ቀዩ ክብ መራችው። ነካሁት። ማሽኑ መስማት ጀመረ። እርሷም።

፲፫

«
 
 

»