የሕመሙ ዓይነት

«አብሾ ጠጣሁ ነው የምትል። በቃ። አንዲት ቃል አትጨምር፤ አንዲት ቃል አትቀንስ።»

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከዘጌ ጀልባ ከወረዱ ወዲህ ይህን ሲሉ አራተኛ ጊዜያቸው ነው። ልጃቸው ዓምደ ሚካኤል ከጎናቸው ይራመዳል። ከሐይቁ ዳር እስከ ኮሌጁ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው፤ ለእሱ ግን ዛሬ ቋራ የሚሄድ ያህል ርቆበታል። የ1976 ዓ.ም. ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነው። ዛሬ ካልተቀበሉት ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ኮሌጅ የሚባለው ነገር ለእሱ ያበቃል።

አምና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ እንቅልፍ እምቢ አለው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት። ለማንም አልተናገረም። ከመንደሩ ኮሌጅ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ጓደኞቹ «ሌሊቱን ሒሳብ ሲሠራ ያድራል» ብለው ሲያደንቁት፣ እሱ የሚያድረው ግድግዳው የሚያወራውን ሲሰማ ነበር። በፈተናው ቀን አራት ገጽ ሙሉ የገዛ ስሙን ጽፎ ወጣ። ኮሌጁ ውጤቱን አይቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አገደው። ምን እንደደረሰበት እሱ ካልተናገረ ከየት ይወቁት?

አባቱ ሁለት ወር ጠበል አስጠመቁት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ እኅቱ ሰገነት ደግሞ ፈቃድ ወስዳ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። አሁን ማታ ማታ አንድ ክኒን ይውጣል። ይተኛል፣ ይስቃል፣ ሒሳቡንም ይሠራል። መሪጌታ ያዳነው ጠበሉ ነው ይላሉ፤ ሰገነት ክኒኑ ነው ትላለች። ዓምደ ሚካኤል ከሁለቱም አልተጣላም።

የአብሾን ወሬ ያመጡት መሪጌታ ናቸው። አብሾ የቆሎ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ብሎ የሚጠጣው፣ ልኩን ሲያልፍ የሚያሳብድ ዕፅ ነው። በእሳቸው አገር አብሾ ጠጥቶ ያበደ ሰው አያፍርም፤ «ትምህርት ወድዶ ነው» ተብሎ ይታዘንለታል፤ እንዲያውም ትንሽ ይከበራል። ዝም ብሎ ያበደ ግን ዘሩ ይቆጠራል። ሰገነት ደግሞ በቅርቡ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ስንቱን ሲመክሩ የኖሩት ሰው፣ ነገሩ የገዛ ቤታቸው ሲገባ ምክራቸው ጠፋባቸው። አብሾ ነው ብለው ለአንዱ ነገሩ፣ አንዱ ለሌላው ነገረ፣ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ኮሌጅ ደረሰ።

ዓምደ ሚካኤል ኮሌጁ በር ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ለምን እውነቱን አንነግራቸውም?»

«እውነት ለንስሐ አባት ነው የሚነገር። ለቢሮ ቢሮ የሚወደውን ነው።»

«ሐኪሙ ለጊዜው ሦስት ትምህርት ብቻ ውሰድ ብሎኛል። አብሾ ነው ካልሁ ስድስቱንም ይጭኑብኛል። በዚያ ላይ ማታ ማታ የውይይት ክበቡ ስብሰባ አለ። እንቅልፍ ካጣሁ እኮ ያው ነኝ።»

«መጀመሪያ ግባ። ከገባህ በኋላ እግዜር ያውቃል።»

«መግባቱንማ አምናም ገብቼ ነበር። እኔን የጨነቀኝ መጨረሱ ነው።»

መሪጌታ የተቆጣ ሰው መስለው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ፈርተው ነበር።

የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ዳኘው ካኪ የለበሰ፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው ነው። ገና ከበሩ ሲያያቸው ሳቀ።

«እህ፣ ሒሳብን በቅጠል ልትማር የፈለግከው አንተ ነህ? ይቀመጡ አባት።» ከፊቱ ያለውን ወረቀት ወደ ልጁ ገፋ አደረገው። «ይህ ከኋላ ቀር ልማድ የመጣ ጥፋት ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ግለ ሂስ ነው። ሰኞ በውይይት ክበቡ ትቆምና ‹ኋላ ቀር ልማድ አሳስቶኝ ነው› ትላለህ። ይጨበጨብልሃል፣ ትቀመጣለህ። እዚህ ላይ ፈርም፤ ዛሬውኑ ትመዘገባለህ።»

ግለ ሂሱ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ አልቋል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። መሪጌታ እፎይ አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ... ጓድ።»

ዓምደ ሚካኤል ብዕሩን አነሳ። በመስኮቱ በኩል አብረውት የነበሩ ሁለት ልጆች እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየ፤ ሦስተኛ ዓመት ገብተዋል። ቀናባቸው። እጁ ወደ ወረቀቱ ሄደች፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ልትጽፍ ስትል ቆመች። አራት ገጽ ሙሉ የጻፈው ይህንኑ ስም ነበር። አምናም ዝም ብሎ ነው የወደቀው። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጓድ፣ እኔ አብሾ አልጠጣሁም።»

ጓድ ዳኘው ሳቁን አቋረጠ። «ታዲያ ምንድን ነው የጠጣኸው?»

«ምንም። አእምሮዬን ታምሜ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ የሌለ ድምፅ ሰማሁ። ታከምሁ፤ አሁንም ክኒን እወስዳለሁ። የሐኪሙ ወረቀት ይኸው።» ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ትምህርቴን እፈልገዋለሁ። በዚህ መንፈቀ ዓመት ሦስት ትምህርት ስጡኝ፤ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንድተኛ ፍቀዱልኝ። ስድስት ዓመትም ቢፈጅ እጨርሳለሁ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቁጣ አልታወቀም።

ጓድ ዳኘው የሐኪሙን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሲከብድበት አገጩን ማከክ ይወዳል።

«አየህ ወንድሜ፣ አብሾው ቢሆን እኔው እጨርሰው ነበር። ይህ ግን የኮሚቴ ነው። ዛሬ ቅጽ ከሞላህ ቦታህ ይጠበቅልሃል፤ ዓርብ ተሰብስበው ያዩታል። ‹አይሆንም› ሊሉህም ይችላሉ፤ ተስፋ አልሰጥህም። ግለ ሂሱ እንደሆነ እዚህ አለ፤ ገና አልቀደድኩትም።»

«ይቅደዱት።»

ኃላፊው ከመሳቢያው ሌላ ቅጽ አወጣ። ዓምደ ሚካኤል «የሕመሙ ዓይነት» ከሚለው ፊት ለፊት «የአእምሮ ሕመም» ብሎ በጉልህ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ቀለል አለው።

«ከታች የቤተሰብ ፊርማ አለ» አለ ጓድ ዳኘው። «ሕመሙ ቢያገረሽበት የሚጠራ፣ መጥቶ የሚረከበው ሰው። የቅጹ ቅጂ ለገበሬ ማኅበራችሁም ይላካል።»

ይህን ሲሰሙ መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ገበሬ ማኅበር የገባ ወረቀት በሳምንቱ ገበያ እንደሚነበብ ያውቃሉ። ዓምደ ሚካኤል የአባቱን ፊት አየ። እሱ ለተናገረው እውነት አባቱ እንዲከፍሉ አልፈለገም።

«የሰገነትን ስም ልጻፍ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ እዚሁ ከተማ ናት፤ መጥታ ትፈርማለች። እርስዎ አይቸገሩ አባባ።»

መሪጌታ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጺማም ፈረንጆች አንድ በአንድ አዩ፤ ከእነሱም ምክር እንደማይገኝ ገባቸው።

«ስታብድ ማን ነበር የተሸከመህ?» አሉ በመጨረሻ። ‹ማበድ› የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እርስዎ።»

«ከጠበሉ እስከ ቤት በጀርባዬ ያመጣሁህ እኔ። እንዳትሮጥ እግርህን ይዤ ያደርሁ እኔ። ታዲያ ወረቀት ላይ ሲሆን የምትጠራ ሰገነትን ነው?» እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በለው።»

ጎንበስ ብለው ስማቸውን ከነማዕረጋቸው፣ የሚያስተምሩበትን ደብርም ጨምረው ጻፉ። አልቸኮሉም። ዓምደ ሚካኤል እንባው መጣበትና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጓድ ዳኘው ሰዓቱን አየ። «የዘጌ ጀልባ እንዳታመልጥዎት አባት።»

«ትሂድ» አሉ መሪጌታ። «ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ክፍል ብቻ ያሳዩኝ። ዓርብ እኔም አብሬው እገባለሁ።»