ሞተሯ ከኋላ

የአባቴን ፊያት አይሱዙ ላይ ሲጭኗት ማየት አልፈለግሁም ነበር። ግን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ሙንተሲር ገመድ የሚይዝለት ሰው አጣና «ኢንሳፍ፣ እስቲ ያዢልኝ» አለኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ያዝኩለት።

ፊያቷ ከአባቴ ከኑርሁሴን ጋር አብራ ያረጀች ናት። አራት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥባታል፤ አምስተኛ ካለ እግሩን በመስኮት ያውጣ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የሐይቅ ከተማ ሰው ስንት ዘመን ሲስቅባት ኖሯል። የፊቱን ክዳን ከፍተው ትርፍ ጎማ ብቻ ሲያገኙ «ኑርሁሴን፣ ሞተርህን ተሰርቀሃል!» ይሉታል። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አብሯቸው ስቆ አያውቅም።

ከአምና ጀምሮ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። መንዳቱን ተወ። በየጁምዓው ብቻ በግራ እጁ ያስነሣታል፤ ድምፅዋን ሰምቶ ያጠፋታል። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ባጃጅ እየነዳሁ ከተማውን ስዞር ነው የምውለው። «ለኔ ስጠኝ፣ እኔ ልንዳት» ብዬ ስንቴ ለመንኩት! «ባጃጅ መኪና መሰለሽ? ከኔ ሌላ ማንም አይነካትም» አለኝ። እኔ ከምነዳት ለቁርጥራጭ መሸጧን መረጠ። አንጀቴ አረረ።

ገመዱን ስናጠብቅ ከደሴ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ከጆሮዬ በፊት ደረቴ ነው የሰማው። ቀይ የስፖርት መኪና፣ ከመሬት ስንዝር ያልራቀች፣ አጠገባችን ደርሳ ቆመች። ባጃጆቹም ሁሉ ቆሙ። የሰው እጅ ይህን ይሠራል? ደግሞስ በዚህ መንገድ እንዴት ሳትፈርስ እዚህ ደረሰች?

አንዲት ወጣት ወረደች። ፋና እባላለሁ አለችን፤ ከአዲስ አበባ ወልድያ ለእህቷ ሠርግ እየሄደች ነው። ያስቆመቻት ፊያቷ ናት።

«ይቺን ቆንጆ የት ልትወስዷት ነው?»

«ልትቀጠቀጥ» አለ ሙንተሲር።

ዳር ቆሞ ሲያስጭን የነበረው አባቴ ግን አልሰማቸውም። ቀይዋን መኪና እየዞረ ያያታል። «ሱብሐነላህ፣ ሱብሐነላህ» ይላል። በመጨረሻ «ልጄ፣ ሞተሯን ታሳዪኛለሽ?» አላት። ሙንተሲር ለማየት ቸኩሎ ከመኪናዋ ፊት ሄዶ ተገተረ። ፋና ግን ወደ ኋላ ሄደች፤ የኋላው ክዳን ተነሣ።

«ከኋላ ነው!» አባቴ ጮኸ። «ወላሂ ከኋላ ነው! ኑ እዩ!»

ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ መጥተው አዩ። አንድም የሳቀ የለም። አባቴ ሊነካው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?»

«አራት መቶ ሃምሳ፣ አባባ።»

«የኔዋ አሥራ ስምንት» አለና ሳቀ። «ግን በዚያችው አሥራ ስምንት የአምባሰልን ዳገት ወጥታለች።»

«እኔ ይቺን ይዤ አልሞክረውም!» አለች ፋና።

«መንዳት ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ ነዋ። ሌላ ማን ያስተምረኛል?»

አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ገመዱን እንደያዝኩ ነኝ።

«ኢንሳፍ፣ ልቀቂው» አለኝ። «ሙንተሲር፣ አውርድልኝ።»

ሙንተሲር እያጉረመረመ አወረዳት። አባቴ በግራ እጁ ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን አወጣና መዳፌ ላይ አኖረው። ቁልፉ ሞቆ ነበር። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።

በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች። አባቴ ጎኔ ተቀምጦ «ሁለተኛ አግቢ! ቀስ! ጉድጓዱን አላየሽም?» እያለ ይጮህብኛል። ፋና ያን ሁሉ ጉልበት ይዛ ከኋላችን ታዘግማለች። መንገድ ልለቅላት ፍሬቻ ሳበራ አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተይ» አለኝ። «ትንሽ ትከተለን።»