የበለጡ የመንገድ ምክር

በለጡ ሳህሉ በሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዋ ከሐረር ውጪ አድራ አታውቅም ነበር። ድሬዳዋ ሁለት ጊዜ ወርዳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጀምበር ሳትጠልቅ ተመልሳለች። ባልም አግብታ ነበር፤ ግን ከአባቷ ቤት እስከ ባሏ ቤት ያለው መንገድ ከዳዊት አንድ መዝሙር ተደግሞ ሳያልቅ የሚያልቅ ነበር። ልጅ ሳትወልድ ቀረች፣ ባሏ ሌላ አገባ፣ እሷም ሳጥኗን በአንድ ኩሊ አሸክማ ከፈላና በር ገባ ብሎ ወዳለው የአባቷ ግቢ ተመለሰች። በዓመቱ እናቷ ሞተች። እናቷ በሞተች በስድስተኛው ወር አባቷን ባላምባራስ ሳህሉን ቀኝ ጎናቸውን መታቸውና አልጋ ላይ ዋሉ።

ባላምባራስ ምላሳቸው አልተያዘም፤ ዓይናቸውም ደህና ነበር። አልጋቸው ከበሩ ትይዩ ስለሆነ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ አይሰወራቸውም። በለጡ ነጠላዋን ስታነሳ «ወዴት ነሽ?» ይላሉ። ስትመለስ «ምነው ቆየሽ?» ይላሉ። ከእሷ እጅ በቀር ከሌላ ሰው እጅ እህል አይቀምሱም። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ሳፊያ ገንፎ አምጥታ ልታጎርሳቸው ብትሞክር ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ለገሠ በየዓመቱ ለፋሲካ ይጽፋል፤ «እህቴ፣ ዘንድሮስ መጥቼ አሳርፍሻለሁ» ይላል። እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ስምንት ፋሲካ አለፈ።

በ1955 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሁለቱን የጓሮ ክፍሎች ለህንዳውያን መምህራን አከራየች። ባልየው ሚስተር ቫርጊስ ሒሳብ ያስተምራል፤ ሚስቱ አሊያማ ትናንሾቹን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባላምባራስ በመጀመሪያ «የማን አገር ሰው ግቢዬ ሊገባ!» ብለው ተቆጥተው ነበር። በኋላ ባልና ሚስቱ ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ፣ እሑድ እሑድም መድኃኔ ዓለም እንደሚያስቀድሱ ሲያዩ ዝም አሉ።

ሚስተር ቫርጊስ አገር ማየት ይወዳል፤ ገንዘብ ማውጣት ግን አይወድም። ከደመወዛቸው እኩሌታው ባሕር ተሻግሮ ለወላጆችና ለእህት መዳሪያ ይሄዳል፤ በቀረው መኖርም መጓዝም አለባቸው። በመጀመሪያው ዕረፍት ጎንደር ደርሰው ሲመለሱ እንደ በግ ተሸልተው ነበር የመጡት። በሰባራ አማርኛው የደረሰባቸውን አንድ በአንድ ሲነግራት በለጡ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አውቶቡሱ ያቆመበት ሆቴል ገብታችሁ አደራችሁ?» አለች። «እሱማ ለሾፌሩ ነጻ እራት የሚያበላው ከእናንተ ኪስ ነው! ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብትሉ በእኩሌታው ታድሩ ነበር።»

«ጎንደርን ታውቂያለሽ?» አለች አሊያማ።

«አላውቅም። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በለጡ ሸዋ በር ለገበያ በወጣች ቁጥር አንድ ነገር ጠይቃ ትመለሳለች። ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ ከቁልቢ የተመለሰውን ስለተኛ፣ ከጅጅጋ ጨርቅ ይዛ የመጣችውን ነጋዴ፣ ሁሉንም ታናግራለች። የት አልጋ በርካሽ ይገኛል? የትኛው አውቶቡስ ተሳፋሪ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ያስጠብቃል? በየትኛው ከተማ ገበያው ማክሰኞ ነው? ሰዎቹ መጀመሪያ «ልትሄጂ ነው እንዴ?» ይሏት ነበር። በኋላ ተዉት።

ማታ ለሚስተር ቫርጊስ ትነግረዋለች፤ እሱ በትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና ይመታዋል። ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈሩ፤ ባቡሩ ያው አንድ ባቡር ነው። ዳቦና ቆሎ ይዛችሁ ውጡ፤ ጣቢያ ላይ አትብሉ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አገሬው ሲከፍል ቆማችሁ እዩ። የሁሉም ተወዳጅ የሆነው ምክር ግን ይህ ነበር፦ ሥጋ የማይበላ ህንዳዊ መንገዱን ረቡዕና ዓርብ ያድርግ፤ በነዚያ ቀናት የትም ብትገቡ ሽሮና ምስር ሳትለምኑ ይቀርብላችኋል፣ ዋጋውም ከሥጋው በታች ነው። አንድ ጅጅጋ የሚያስተምር ሒንዱ ሰው ይህን አንብቦ «ሁለት ዓመት ሙሉ በሙዝ ስኖር ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ነበር» ብሎ ጻፈላት።

ወረቀቱ በየአገሩ ባሉ ህንዳውያን መምህራን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከአሰበ ተፈሪ፣ ከጉርሱም፣ ከደሴ ሳይቀር ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። «ለእህታችን ለበለጡ» ይላል ፖስታው። የጣና ደሴቶችን እንዴት አድርገን በትንሽ ገንዘብ እንይ? ላሊበላ ለሁለት ሰው በቅሎ ስንት ነው? በለጡ ጠይቃ ትመልሳለች። ደብዳቤውን ከአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ እጇ ይፈጥናል፤ ስትጨርስ ግን ቀና ብላ ያንኑ ግድግዳ፣ ያንኑ የተሰነጠቀ ልስን፣ ያንኑ በር ታያለች። ሌላውን ሁሉ መንገድ እያስያዘች እሷ እንደ ወፍጮ አንድ ቦታ ትዞራለች።

በ1958 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አሊያማ ልብስ እያሰጣች ሳለ ድንገት «ዘንድሮ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ» አለቻት። «አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ለሦስት ሰው አንድ ታንኳ ብንከራይ ርካሽ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

በለጡ ለለገሠ ጻፈች። «ሐምሌ አምስት እደርሳለሁ፤ በደስታ ሂጂ» ብሎ መለሰ። ሐምሌ አራት ቀን ቴሌግራም መጣ፦ «ፈቃድ ተከለከልኩ። ለሚቀጥለው ዓመት።» በለጡ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። አልተናደደችም፤ የምታውቀውን ነገር እንደገና እንደነገሯት ሆነባት።

ያዳናት የመሰለው የሳፊያ ቃል ነበር። ሳፊያ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ጎረቤት ናት። ወሬውን ስትሰማ መጣችና «ወላሂ ሂጂ!» አለቻት። «እኔ አልጋቸው ሥር እተኛለሁ። ሦስት ሳምንት ምን አላት? ኢንሻአላህ እንደተውሻቸው ታገኚያቸዋለሽ።»

ያንኑ ማታ በለጡ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ተናገረች። ባላምባራስ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ በደህናው እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ያዙ።

«ሂጂ» አሉ። «ማን ያዘሽ? እኔ ግን አንቺ ደጄን እስክትረግጪ ድረስ እህል ብቀምስ ግዝት ይሁንብኝ።»

«አባባ!»

«ብያለሁ።»

ያን ሌሊት አልተኛችም። ጠዋት አሊያማ እጇን ይዛ እስከ ሸዋ በር ወሰደቻት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሐኪም ጋራ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። የአለማያን ሐይቅ አልፈው ደንገጎን ቁልቁል ሲወርዱ ሚስተር ቫርጊስ በመስኮቱ ያሳያታል፤ እሷ አታይም። የምታየው የተገጠመ ከንፈር ነው። ሦስት ሳምንት! ሰው ያለ እህል ሦስት ሳምንት ይኖራል? የሰባ ሁለት ዓመት ሽባ ሰው?

ባቡሩ የሚነሳው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ድሬዳዋ ጣቢያ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የሦስተኛ ማዕረግ ቲኬቷን እስከ ቀትር ድረስ በእጇ ይዛ አገላበጠችው። በመጨረሻ ተነሣችና ቲኬቱን አሊያማ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አባባን ገድዬ ጣና ብመለከት ምን ይረባኛል?» አለች።

አሊያማ ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ፊቷን አይታ ተወችው። «ባቡሩ እስኪሄድ ቲኬቱ እኔ ዘንድ ነው» አለች ብቻ። «ከዘገየሽ ደግሞ ለጣቢያው ሹም እተወዋለሁ። አዲስ አበባ የት እንደምናርፍ ታውቂያለሽ፤ አንቺ ነሽ የመረጥሽው።»

በለጡ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፈላና በር ደረሰች። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጋ ስትገባ የመጀመሪያው የሰማችው ነገር የአባቷ ሳቅ ነው። አባቷ ሲስቁ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነበር?

ባላምባራስ ሳህሉ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሳፊያ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና ስለ ሟች ባሏ ስስት የሆነ ነገር እያወራች፣ በማንኪያ ገንፎ ታጎርሳቸዋለች። ቅቤው በጢማቸው ወርዷል። ሳህኑ ከግማሽ በታች ጎድሏል።

ቀድማ ያየቻት ሳፊያ ናት። «ሱብሐነላህ!» ብላ ማንኪያውን አየር ላይ አቆመችው።

ባላምባራስ ዞር አሉ። የጎረሱትን ዋጥ አደረጉ።

«ተመለስሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

«ግዝቱስ አባባ?»

«እንጃ» አሉ። «አንቺ ከወጣሽ በኋላ … ራበኝ።»

በለጡ የጎደለውን ሳህን አየችው። ስምንት ዓመት! ሌላ ሰው ቢያጎርሳቸው ይሞታሉ ብላ፣ የሰርግ ጥሪ እየተወች፣ ልቅሶ ቤት እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች ስትመለስ። ያሰራት ገመድ ሳይሆን ገመድ አለ ማለቷ ነበረ? የለም፣ ገመድስ ነበረ። በሌላው ጫፍ የያዙት ግን እኚህ እንደማንም ሰው የሚርባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ለምን እንዲያ አሉ?» አለች በቀስታ።

«ፈርቼ ነዋ!» አሉ ባላምባራስ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እናትሽም ‹መጣሁ› ብላ ነው ሆስፒታል የሄደችው። አንቺ ደግሞ ሌላ አገር ብታዪ ምን ብለሽ ትመለሻለሽ? እዚህ ምን አለሽ?»

በለጡ ጠጋ ብላ ጢማቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ይብሉ አባባ፤ ሳይበርድ» አለች። ከዚያ ወደ ሳፊያ ዘወር ብላ «የሌሊቱ መድኃኒት ከሳጥኑ ላይ ነው» አለቻት፤ ወጣችም። «በለጡ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሁለት ጊዜ መጣ። አልዞረችም። ብትዞር እንደማትወጣ ታውቀዋለች።

ሸዋ በር ላይ የቀኑ አውቶቡሶች አልቀው ነበር። ዓብዱላሂ ግን ጫት ጭኖ ቁልቁል ሊወርድ ሞተር አስነስቷል፤ ለስንት ጊዜ የመንገድ ወሬ የነገራት ሾፌር ነው። «ዛሬስ ለማን ነው የምትጠይቂው?» አላት እንደ ልማዱ።

«ለራሴ» አለችና ከጎኑ ወጣች።

ደንገጎ ላይ ዝናብ ያዛቸው፤ ጭቃ መንገዱን ዘግቶ አንድ ሰዓት ከምናምን አቆማቸው። ጣቢያ ስትደርስ ባቡሩ ሄዷል። የጣቢያው ሹም ቲኬቷን ሰጣትና በማግስቱ ባቡር እንደሚያገለግል ነገራት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐረር ውጪ ልታድር ነው፤ ብቻዋን። የት እንደምታድር ግን አልጨነቃትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለህንዳውያኑ ስትመክርላቸው የኖረችው የአንዲት አሮጊት አልጋ ቤት ከጣቢያው ጀርባ ነው። «ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ርካሽ» ብላ አስጽፋለታለች።

ርካሽነቱ እውነት ነበር። መስኮቱ ግን አይከፈትም፣ አንሶላው ቁንጫ ሞልቶበታል፣ ከግድግዳው ማዶም የዳማ ተጫዋቾች ይጮኻሉ። በለጡ ክንዷን እያከከች በጨለማው ብቻዋን ሳቀች። ስንት ደግ መምህር እዚህ ሲታከክ አድሮ «እናመሰግናለን እህታችን» ብሎ ጽፎላታል!

በማግስቱ ሄደች። አሊያማንና ሚስተር ቫርጊስን አዲስ አበባ አገኘቻቸው። ከለገሠ ቤት ሻይ ጠጥታ ወጣች፤ ስለ ፈቃዱ አላነሳችበትም፣ እሱም ዓይኗን አላየም። ጣናንም አየች። ማዕበል ስለነበር ታንኳው ውስጥ አስመለሳት። አንድ ደሴት ላይ ሴት አይገባም ስለተባለ ሚስተር ቫርጊስ ብቻውን ሲገባ፣ እሷ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከአሊያማ ጋር እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ዋለች። ያን ያህል ውሃ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አቃታት። ቤት የተዋቻቸው አባቷ በመንገዱ ሁሉ ከሐሳቧ አልወጡም፤ ግን ከዚያ ሐሳብ ጋር መጓዝ እንደሚቻል ተማረች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ባላምባራስ አራት ቀን አላናገሯትም። ምግባቸውን ከእሷም ከሳፊያም እጅ ይበላሉ፤ ቃል ግን የለም። በአምስተኛው ቀን ትራሳቸውን ስታስተካክል እጇን ያዙ።

«ለገሠን አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ይመጣል?»

«አይመጣም አባባ።»

«አንቺስ? ደግሞ ትሄጃለሽ?»

እጇን ማላላት ፈራች፤ መዋሸትም አልፈለገችም። «ለገና፤ ላሊበላ» አለች።

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጇን ግን አልለቀቁም። በለጡ እጇ እስኪደነዝዝ ድረስ እንዲያው እንደተያዘች ቆመች፤ ከጓሮ የሚስተር ቫርጊስ የጽሕፈት መኪና ይንጣጣል።

«ለገና ያ አገር ብርድ ነው» አሉ በኋላ።